ወንበሬ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለጭምቷ።

አንቺንም እማዬንም አምላክ በክንፉ ጥላ ሥር ያኑርልኝ። እንዴት ሰነበታችሁ? የእማዬ ጉልበትስ? እኔ በደህና ገብቻለሁ። ስልክ እዚህ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። እዚያም ሰው ተሰልፎ ስለሚጠብቅ የልብ አይወራም። የላከን ማኅበር ሰዎች ወደ ከተማ ሲወርዱ ደብዳቤ ይይዙልናልና በዚሁ እንጻጻፍ።

የምናስተምርበት አዳራሽ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር አሉ። መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ናቸው፤ ብርሃን እንጂ ውጪ አይታይም። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ እኔም እነሱም ዝም ብለን እንተያያለን። የማስተምራቸው መጋቢዎች፣ የየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን እረኞች፣ ከየመንደሩ የመጡ ናቸው። ደመወዝ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ሁሉም ሌላ ሥራ አለው። አንዱ ግንበኛ ነው፣ አንዱ ብስክሌት ይጠግናል፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ዓሣ ይሸጣሉ። የሽማግሌው መጽሐፍ ቅዱስ ሽፋኑ ወልቆ በገመድ ታስሯል። እነዚህን ሰዎች ማስተማርና ማበረታታት ነው ሥራዬ። ስገባ ሁሉም ብድግ አሉ። «እናታችን» ነው የሚሉኝ። የሚያስተረጉምልኝ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቋንቋችንን የተማረው ከእኛ ሰዎች ጋር ለብዙ ጊዜ ሠርቶ ነው።

የቅዳሜውን የሴቶች ትምህርት አደራ። ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እንደተጻፈው አንብቢላቸው፤ መጨመርም መቀነስም አያስፈልግም። ጥያቄ ካነሱ «ስትመጣ ትመልስላችኋለች» በያቸው። እኔ እስክመለስ ቦታዬን ሞቅ አድርገሽ ከጠበቅሽልኝ ይበቃል።

ሌላው፣ ወንበሬ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ። ክፋት አይደለም። ቦታው የማን እንደሆነ እንዳይረሱ ነው። ሻሼን ደገፉ ላይ ትቼዋለሁ።

እማዬ «አንዷ ደወል፣ አንዷ ጭምት፤ ቤቴ ሚዛኑን ጠበቀ» ትል የነበረው ትዝ አለኝ። እነሆ ደወሉ ባሕር ማዶ ተሰማ።

እህትሽ ደወል


ጥቅምት 28

ይድረስ ለእታለም ደወል።

ጤናሽን እንደምንሻው ያድርግልን። አክስቴ ጉልበቷ እንደወትሮው ነው፤ ጠዋት ይይዛታል፣ ፀሐይ ሲሞቃት ይለቃታል። ስላንቺ ያልነገረችው ሰው የለም። የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ እንኳን አላመለጣትም። በር ላይ ይዛ «ልጄ ባሕር ማዶ መጋቢዎችን ታስተምራለች» አለችው። «ይህቺስ?» ቢላት ወደ እኔ ዞር ብላ አይታኝ «እሷ ቤት ናት» አለች። እውነቷን ነው፤ ቤት ነበርኩ።

ላውንደሪው እንዳለ ነው። አሁን የሆቴሉ አንሶላ ተጨምሮብናል። ካውያውን ስገፋ እውላለሁ። እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ አንቺ ያለሽበት አገር ዝናብ ይመስለኛል።

ትምህርትሽን እንዳልሽው አነበብኩላቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ከሁለታችን ማን ይሂድ ብሎ በመከረ ዕለት «እሷ ጭምት ናት፣ ሰው ፊት አትቆምም» ብለሽልኝ ነበር። ቆምኩ። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ቢሆንም ቆምኩ። ወንበሩ ላይ ሰው አይቀመጥ ስላልሽ እኔም ሰው ነኝ ብዬ አልተቀመጥኩም። ሴቶቹ አዳመጡ፣ ጸልየው ሄዱ። ጥያቄ አልጠየቁም።

ምናልባት ይጠሩኝ ይሆናል ብዬ አዘጋጅቼው የነበረውን ሻንጣ ባለፈው ሳምንት ፈታሁት። ሳሙናው ልብሱ ላይ ሽታውን ትቶበታል። ለነገሩ መልካም ሽታ ነው።

ጌታ ቃልሽን ያለምልምልሽ።

እህትሽ


ኅዳር 20

ይድረስ ለጭምቷ።

ሰላሙ ይብዛልሽ። ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አጭር ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚባለው ላንቺ ነው መቼም። ሹራቤን ላኪልኝ፣ ጠዋት ጠዋት ብርድ ነው። የቅዳሜው ክፍል ፎቶ ቢኖርም ላኪልኝ። እነማን እየመጡ ነው? የዳቦ ቤቷ ሴትዮ አሁንም ፊት ለፊት ነው የምትቀመጠው? ስለ ሴቶቹ አንድም ነገር አልጻፍሽልኝ።

እዚህ አንድ ነገር እያበሳጨኝ ነው። አስተርጓሚውን ማለቴ ነው። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ፤ እሱ አንድ ምዕራፍ ይተረጉማል። «እግዚአብሔር ታማኝ ነው» ስል እጁን እያወናጨፈ፣ ግንበኛውን እያሳየ፣ ወደ ጣሪያው እያመለከተ ይቀጥላል። ይስቃሉ። የሚያስቅ ነገር አልተናገርኩም። ቆየት ብሎ ደግሞ ያለቅሳሉ። የሚያስለቅስም አልተናገርኩም። «ምን አልካቸው?» ስለው «ያልሽውን» ይለኛል። እኔ ቋንቋውን አላውቅ፤ እንደ ሐውልት ቆሜ ፈገግ እላለሁ። ግንበኛው እኔ ስናገር ያንቀላፋል፤ እሱ ሲጀምር ይነቃል። በዓይኔ አይቻለሁ።

በሰው ቃል ላይ የራሱን ቤት ለሚሠራ ሰው ምን ይደረጋል? አደራ የተሰጠው ሰው አደራውን የራሱ ሲያደርገው? አንቺ ነገር በሆድሽ ስለምታብሰለስዪ ምክር አታጪም። እስቲ ንገሪኝ።

ደወል


ጥር 9

ይድረስ ለእታለም።

ጌታ ይጠብቅሽ። የቆየሁት ታምሜ አይደለም። ደብዳቤሽን እያነበብኩ እያጠፍኩ ነው የቆየሁት።

ነገሩ ገብቶኛል። በፀጉር አስተካካይ አሳበሽ መናገር አያስፈልግሽም ነበር፤ እኔ የማላውቅሽ ሰው አይደለሁም። ማን እንደነገረሽ አላውቅም፣ የኮሚቴው ጸሐፊ ይመስለኛል። ከሰው አፍ ከሰማሽው ከእኔም ስሚው።

አዎ፣ ወረቀትሽን ማንበብ ትቻለሁ። የላክሽው ስለ ትዕግሥት የሚለው ትምህርት ላይ ደርሼ ሳለ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ እጇን አነሳች። «በሰው ደስታ የሚታመም ሰው መድኃኒቱ ምንድን ነው?» አለችኝ። ለካ እህቷ ሌላ ዳቦ ቤት ከፍታ ደንበኛው ሁሉ ወደዚያ ሄዷል። «እሷ ስትስቅ ስሰማ ሊጡ እጄ ላይ ይደርቃል» አለች። ወረቀቱ ላይ ፈለግሁ፣ የለም። «ስትመጣ ትመልስላችኋለች» ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣ አለኝ። የጠየቀችኝ የራሴን ጥያቄ ነው፤ አንቺ እስክትመጪ እንዴት አሳድረዋለሁ? «አላውቅም፤ እኔም በዚሁ በሽታ ታምሜያለሁ» አልኳት።

ከዚያ ከኋላ ያለችው ልብስ ሰፊ «እኔም» አለች። ከዚያ ሌላዋ። ያን ዕለት ወረቀቱ እንደታጠፈ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ከመጽሐፍ እናነባለን፣ እሱ ላይ ሁሉም የየራሱን ይናገራል። አንዳንዱ ቀን ወሬ ብቻ ሆኖ ይበተናል፤ አልዋሽሽም። አንድ ቀን ሁለት ጎረቤታሞች ተጣልተው ክፍሉን ጥለው ወጥተዋል፤ ያን ማብረድ አቅቶኛል። ግን ይመጣሉ። አሁን ከጎረቤት ወንበር እንዋሳለን። ፎቶውን ያልላክሁልሽ ለዚህ ነው። ብታዪው ይከፋሻል ብዬ ነው፤ ደግሞም እንዲከፋሽ ፈልጌ እንደሆነ ራሴን መርምሬ ስላልጨረስኩ ነው።

አንቺ እዚህ ስትናገሪ ሁልጊዜ በረንዳው ድረስ ይሰማ ነበር። እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ድምፅሽ ቢዘጋ ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ። ጉንፋን የያዘሽ ሰሞን ማር በሙቅ ውሃ ያፈላሁልሽ ከጸጸት ነው።

ወንበርሽ ላይ ግን አልተቀመጥኩም። ሻሽሽም አለ። ሹራብሽን ተኩሼ ልኬዋለሁ። እማዬ ደህና ናት።

ጭምቷ


ጥር 27

ለአክስቴ ልጅ።

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ስጽፍልሽ የነበረው ስለ ፀጉር አስተካካዩ ነው። ማንም ምንም አልነገረኝም። አሁን ግን አንቺ ነገርሽኝ፤ አመሰግናለሁ።

ወንበሬ ፊት ቆመሽ፣ በሰበሰብኳቸው ሴቶች ፊት፣ በእኔ እንደምትቀኚ ተናገርሽ። እነሱም «እኔም፣ እኔም» አሉ። ጥሩ ነው። በየቤቱ እየዞርኩ «ኑ» ስላቸው እግራቸውን ሲጎትቱ የነበሩት አሁን ወንበር ጠፋባቸው። እሱም ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አይቻለሁ። መጨረሻ ላይ «እማዬ» ብለሽ ጽፈሻል። እስከ ዛሬ «አክስቴ» ነበር የምትያት።

እስክመጣ ድረስ የቅዳሜው ክፍል ይዘጋ። ቁልፉን ለኮሚቴው ጸሐፊ መልሺለት። ሴቶቹ ቤታቸው ሆነው ይጸልዩ።

ደወል


የካቲት 16

ይድረስ ለእታለም ደወል።

ጌታ ከክፉ ይሰውርሽ። የሐኪም መርፌ እንኳ እንዲህ አይወጋም፤ ቢሆንም ያልሽኝን አድርጌያለሁ። ቁልፉን መልሻለሁ። ለሴቶቹም በየቤታቸው እየዞርኩ ነግሬያለሁ።

ዛሬ የምጽፈው ግን የእኔን አይደለም። አክስቴ ደብዳቤሽን አስነበበችኝ፣ ከዚያ «ቁጭ በይና ጻፊ፤ እኔ እናገራለሁ» አለችኝ። አንድም ቃል እንዳልለውጥ አስምላኛለች። እነሆ።

«ልጄ ሆይ፣ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ላንቺ ነው።»

«አክስቴ፣ ይሄ ይከብዳል» አልኳት።

«አንቺ ጸሐፊ ነሽ ወይስ ዳኛ? ጻፊ። ‹ክፍሉ ይዘጋ› ያልሽው ነገር ከዶሮ ነው የተማርሽው፤ ባልበላው ጭሬ ልበትነው። ያስተማርኩሽ ይህንን አይደለም።»

«እሷም እኮ ደክማ ነው የሠራችው። ሴቶቹን በየቤቱ እየዞረች የሰበሰበች እሷ ናት» አልኩ።

«እሱንም ጻፊው። ‹ይህቺ ደግሞ እየሰደብኩሽ ትሟገትልሻለች› ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ።

«ደግሞ ይህቺ ልጅ ያልነገረችሽ አለ። ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዛ ቆማ ትውላለች። ቅዳሜ ደግሞ እዚያ ክፍል ቆማ ታስተምራለች። ሁሉም ተቀምጦ እሷ ትቆማለች። ስትመጣ እግሯ እንደ ትራስ አብጦ ነው። ‹ለምን አትቀመጪም?› ብላት ‹ወንበር የለም› ትለኛለች። አንድ ቀን ደግፋኝ ሄጄ በዓይኔ አየሁ። ወንበሩ አለ። ሻሽ ለብሶ ባዶውን ተጎልቷል። አንቺ የተውሽው ወንበር ነው ወይስ ዘበኛ?»

ይሄኔ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«ምን ያስቆምሻል?»

«ስለ እኔ የሚባለውን በእኔ እጅ መጻፍ ያሳፍራል።»

«የሚያሳፍረው እግርሽን ማሳበጥሽ ነው። ወንበር ላይ መቀመጥ ኃጢአት ነው ያለሽ ማን ነው? እሷ ‹ሰው አይቀመጥ› ብትል፣ አንቺ ቆመሽ መከራሽን እያሳየሻት ነው። ይሄም ቅናት ነው፤ በትሕትና ካውያ የተተኮሰ ቅናት። ጻፊው።»

እሱንም ጻፍኩት። እውነት መስሎኛል።

«‹እማዬ› ብላ ለምን ጻፈች ብለሻል አሉ። ማን ምን ብሎ እንደሚጠራኝ የምመርጠው እኔ ነኝ። አንቺ ስትወለጂ እሷ እዚሁ እቅፌ ላይ ነበረች፤ ያኔም አንዷ ስትጠባ ሌላዋ ታለቅስ ነበር። ምቀኛ አታሳጣኝ እያልኩ ስጸልይ ኖሬ፣ ሁለት አድርጎ ከአንድ ቤት ሰጠኝ። በይ ደህና ሁኚ። ሹራብሽን ልበሺ።»

እዚህ ላይ አበቃች። ከእኔ የምጨምረው ይህችን ብቻ ነው። ክፍሉ በተዘጋ ማግስት ባለው ቅዳሜ ቢረሱ ብዬ ሄጄ ነበር። ሴቶቹ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ «ቁልፉን ነው የተከለከልነው፤ ደረጃውን ማንም አልከለከለንም» አለችኝ። ብዙም አልቆየንም፤ ብርድ ነበር። እኔም አብሬያቸው ተቀመጥኩ። መቀመጥ እንዴት ደስ ይላል።

ጭምቷ


መጋቢት 12

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለጭምቷ።

በሕይወት ያገናኘን። የእማዬን ደብዳቤ ከአዳራሹ ውጪ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። በአንቺ የእጅ ጽሑፍ እማዬ ስትቆጣኝ መስማት ይገርማል። ፊደልሽ እንኳን አልተንጋደደም። ተደስተሽበት ነው የጻፍሽው ብዬ ቀናሁ፤ ከዚያ «ትሟገትልሻለች» ወደሚለው ስደርስ ሹራቤን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ።

እስቲ ያደረግሁትን ልንገርሽ። ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት በአንቺ ላይ ያደረግሁትን በፀጉር አስተካካዩም ላይ አድርጌ ነበር። «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» አልኩት። በእሱ ፈንታ አንድ የትምህርት ቤት መምህር አመጣሁ። ይህ ሰው የተባለውን ብቻ ይተረጉማል። እኔ አንድ ስል አንድ ይላል፤ ሳስል ብቻ ነው የማይተረጉመው። ደስ አለኝ። አዳራሹ ግን ድንጋይ ሆነ። ግንበኛው ከመጀመሪያው ጸሎት ጀምሮ አንቀላፋ። ብስክሌት ጠጋኙ ሰንሰለት ይዞ መጥቶ ዘይት ይቀባ ጀመር።

በዕረፍት ሰዓት ዓሣ ሻጩ ሽማግሌ ወደ እኔ መጡ። መምህሩ እያስተረጎመ «እናታችን፣ ምን አስቀየምንሽ?» አሉኝ። «ባለፈው እንደ እናት ታወሪን ነበር፤ ዛሬ እንደ ማስታወቂያ ሆንሽብን።»

«ባለፈው ምን ብያችሁ ነበር?»

«‹የደከመው እረኛም ከበጎቹ እንደ አንዱ ይቆጠራል፤ እሱንም የሚሸከመው አለ› ብለሽናል። እኔ እኮ አገልግሎቱን ልተወው ወስኜ ነበር የመጣሁት። ይህን ቃልሽን ይዤ ነው የቀረሁት።»

ጭምቷ፣ ይህን ቃል ተናግሬው አላውቅም። እንኳን ልናገረው አስቤውም አላውቅ። ሽማግሌው እጄን ይዘው በሌላ ሰው ቃል ሲያመሰግኑኝ ቆምኩ። ሲያስቃቸው ሲያስለቅሳቸው የነበረው ሁሉ በእኔ ስም ነው ለካ። እኔ ደግሞ ዘረፈኝ ስል ነበር።

ወደ ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። አንድ መስታወት፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ያለፈ ዓመት ቀን መቁጠሪያ ነው ያለው። ጢም እየላጨ ነበር። እንደ ደንበኛ ተራዬን ጠበቅሁ። ሰውየው ሲወጣ ያንኑ ወንበር አዞረልኝና «ተቀመጪ» አለኝ።

«ለምን የራስህን ቃል በእኔ አፍ ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ከእኔ አፍ ስለማይቀበሉኝ ነዋ» አለ። ምላጩን እየጠረገ ነው የሚያወራኝ። «የእነዚህን ሰዎች ጢም ስላጭ ነው ያረጀሁት። ልናገራቸው ስል ‹ዝም ብለህ ላጭ፣ ጆሮዬን እንዳትቆርጠው› ይሉኛል። አንቺ ባሕር ተሻግረሽ ስትመጪ ሁሉም አፉን ከፈተ። ይህን ያህል ዘመን በሆዴ የያዝኩትን በአንቺ ስም አወጣሁት።»

«ታዲያ ደስ አይልህም?»

«ምን ደስ ይለኛል? ‹እናታችን› እያሉ እጅሽን ሲጨብጡ አንጀቴ ሲያር ነው የሚውለው። ማታ ለሚስቴ ‹ዛሬ ግሩም ነበርኩ፤ እሷን አመሰገኗት› እላታለሁ።»

ሳቄ መጣ። ምን ላድርግ? «እኔ ደግሞ ሲስቁልህ ‹ምላሱን በገዛ መቀሱ በቆረጠው› እያልኩ ነበር» አልኩት። እሱም ሳቀ። ሁለታችንም መጋቢዎችን ልናበረታታ የተመረጥን ሰዎች ነን። ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችን። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አለች መሰለኝ በቋንቋዋ፤ ፊቷ እንደዚያ ነበር የሚለው።

በማግስቱ እሱን ይዤ አዳራሽ ገብቼ «የወደዳችሁት ቃል የእሱ ነው» ብዬ ተናገርኩ። መምህሩ አንድም ሳያጎድል ተረጎመው። ግንበኛው ነቃ። ጥቂቶቹ አጉረመረሙ፤ አንዱ «ታዲያ ጢም ላጪ ሊያስተምረን ነው?» ብሎ ወጣ። እኔ አግዳሚው ላይ ሄጄ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጥኩ። ፀጉር አስተካካዩ ብቻውን ፊት ቆመ። ጭምቷ፣ ያ ሁሉ ምላስ ተዘጋ። ላብ አጠመቀው። የሚሸፍነው እኔ የለሁ፤ ሰው ሁሉ እሱን ብቻ ያያል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአንድ አፍታ «ይበልህ» አልኩ በሆዴ። ከዚያ ያንቺ ጉልበት መንቀጥቀጥ ትዝ አለኝ። ከተቀመጥኩበት ሆኜ በእኛ ቋንቋ «እሺ፣ ስለ ደከመው እረኛ ንገረን» አልኩት። ይህችን ቃሌን ሊተረጉም አፉን ከፈተ። ከዚያ በኋላ አልዘጋውም።

ክፍሉን ክፈቺው። ደስ ብሎኝ ነው ብልሽ ውሸት ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጡ ስትዪኝ ያንገበገበኝ፣ ለእኔ ማንም ደረጃ ላይ ተቀምጦ አለማወቁ ነው። ስመጣ ትንሽ ተበላሽቶ ባገኘው ደስ ይለኛል፤ ይህን ስጸልይበት ሰንብቼ አልለቀቀኝም። ኮሚቴው ፊት ስላንቺ ያልኩትን ለምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ፤ አታስጽፊኝ።

በሚያዝያ እመጣለሁ። እስከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጪ። ሻሹን እማዬ ጉልበቷ ላይ ታድርገው።

ደወል


መጋቢት 30

ይድረስ ለእታለም ደወል።

መንገድሽን ያቅናልሽ። ፊደሌ ስላልተንጋደደ ይቅርታ፤ ከእማዬ አፍ ስጽፍ እጄ አይንቀጠቀጥም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ክፍሉን ከከፈትኩ በኋላ ነው። ደረጃው ላይ ዝናብ መታን፤ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ጉንፋን ያዛት። እኔም ወደ ኮሚቴው ጸሐፊ ሄጄ «ቁልፉን» አልኩት። «በማን ፈቃድ?» አለኝ። «በእኔ» አልኩት። ድምፄ በረንዳው ድረስ ተሰማ አሉ። ጸሐፊው ቁልፉን ሲሰጠኝ «ደወሏ ተመለሰች እንዴ?» አለ። ተናድጄም፣ ደስም ብሎኝ ነው የወጣሁት።

ተቀመጪ ስላልሽኝ ባለፈው ቅዳሜ ተቀመጥኩ።

እታለም፣ ወንበሩ ይወዛወዛል። የኋላ ግራ እግሩ አጭር ነው። ገና ስደገፍ ወደ ኋላ ሊጥለኝ ነበር፤ ሴቶቹ ጮኹ። ቀኝ እግሬን መሬት ላይ ተክዬ፣ ወገቤን አጠንክሬ ነው የዋልኩት። ስጨርስ ቆሜ ከማስተምርበት ቀን የበለጠ ደክሞኝ ነበር። ከኋላ ተቀምጬ በማይሽ ጊዜ ሁሉ አንድ እግርሽን አስቀድመሽ፣ ቀጥ ብለሽ፣ እንደ ንግሥት ነበር የምትቀመጪው። «እንዴት ይመቻት» እል ነበር። ለካ እንዳትወድቂ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን «ይወዛወዛል» ብትዪ ምን ነበረበት? እኔ ብሆን ግን እላለሁ? አልልም። ወንበሬን የሚመኝብኝ ሰው ካለ እሱ ፊት አልልም።

ስለ ትዕግሥት የጻፍሽውን ትምህርት፣ ያንን አንብቤ ያልጨረስኩትን፣ አጥፌ አጥፌ ከእግሩ ሥር አስገባሁት። ልኩ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ አለ። እንዳትቆጪ፤ ሌሎቹን ትምህርቶችሽን አስቀምጬልሻለሁ፤ ጥቂቶቹን ሴቶቹ ራሳቸው እያነበቡ ነው። ደህና ናቸው።

ከጎረቤት ከተዋስናቸው መካከል መልኩ ከአንቺ ወንበር ጋር የሚመሳሰል አንድ ነበር፤ ለመንኩና ሰጡኝ። ፊት ለፊት ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። እማዬ አይታ «አሁን ማን የት ሊቀመጥ ነው?» አለች። «የቀደመ ይምረጥ» አልኳት። «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብላ ሳቀች፤ ሻሽሽን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

የምትመጪበት ቀን ሲደርስ ወረቀቱን ከወንበሩ ሥር አወጣዋለሁ። ሁለቱንም ጠርጌ፣ ቦታቸውን ቀያይሬ ነው የምጠብቅሽ። የሚወዛወዘው የትኛው እንደሆነ አልነግርሽም። ነይና ተቀመጪ።

ምቀኛሽ